ልጅቱ ለማን ትሂድ

ፈረንሳይ አገር ለማን የሚባል ከተማ አለ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ «ለማን ምን?» እያለ ስለሚያቋርጠኝ ነው። ለማን ምንም አይደለም፣ የከተማ ስም ነው። ጋሪና የጭነት መኪና የሚሄድበት የአገሩ መንገድ በዓመት አንዴ ይዘጋና የውድድር መኪኖች ሲከንፉበት ይውላሉ፣ ያድራሉም። እኔ በስምንት ዓመቴ ከአርባ ምንጭ ይልቅ ለማንን አውቅ ነበር። አርባ ምንጭን ያየ ሰው ጂንካ ውስጥ ሞልቷል፤ ለማንን የምናውቀው ግን እኔና አባቴ ብቻ ነበርን።

አባቴ ኃይለጊዮርጊስ መካኒክ ነበር። ሙያውን የለመደው በወጣትነቱ አዲስ አበባ፣ ለገሃር አጠገብ፣ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጣ አንድ ፈረንሳዊ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሰውዬውን ሙሴ አንድሬ ይሉታል፤ የለማን ተወላጅ ነው። ስለ አገሩ ውድድር ካላወራ እጁ ሥራ አይዝለትም ነበር አሉ። አባቴም ሙያውን ከነወሬው ወረሰ። በደርግ ጊዜ ለመንገድ ሥራ ጂንካ ሲመጣ ሁለቱንም ይዞ መጣ። መንግሥት ሲለወጥ ሥራው ቆመ፣ ባልደረቦቹ ወደየመጡበት ተበተኑ። እሱ እናቴን አግብቶ እኔን ወልዶ ስለነበር ቀረ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ዳርም ቆርቆሮ አቁሞ የራሱን ጋራዥ ከፈተ።

የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ያኔ ከተማው መሀል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ከብቱ ይባረራል። በሌላው ቀን ላም ይግጥበታል፣ ኳስ ይጠለዝበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጠዋል። አባቴ ጠግኖ የጨረሰውን መኪና የሚሞክረው በሜዳው ዙሪያ ባለው መንገድ ነው። ለሰው «ልሞክራት» ይላል። ለእኔ ግን ጠጋ ብሎ «ለማን እንሂድ?» ይለኛል።

እንደማንኛውም ሰው ገብተን ሞተር አናስነሣም። የለማን ሹፌር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ መኪናው ከመንገዱ ወዲያ፣ ሹፌሩ ከመንገዱ ወዲህ ይቆምና ምልክት ሲሰጥ ሮጦ ነው የሚገባው። ስለዚህ እኛም ተሻግረን እንቆማለን። አባቴ ግራሶ የጠገበ ኮፍያውን ወደ ላይ ይወረውራል። ኮፍያው መሬት ሲነካ እሱ በግራ በር፣ እኔ በቀኝ በር እንሮጣለን። አንድ ጊዜ ከቀይ አፈር ከተማ የመጣው ባለ ላንድሮቨር ነጋዴ ይህን አይቶ፣ «ኃይሌ፣ የሰው ንብረት ነው እኮ! ጤና የለህም?» ብሎ ከኋላችን በጭቃው ሲሮጥ ጫማው ተቀርቅሮ ቀረ። አባቴ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ፍሬኗን ልሞክርልህ ብዬ ነው!» አለው።

እየሄድን ያወራልኛል። ጋቢናው ናፍታና የላም ሽንት ይሸታል፤ ወንበሩ ሽቦው ወጥቶ ታፋዬን ይወጋኛል።

«ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይነሣሉ» ይላል። «ፀሐይ ትጠልቃለች፣ መብራት ያበራሉ። ጉም ይመጣል፣ ዝናብ ይመጣል፣ አያቆሙም። በማግስቱ አሥር ሰዓት ነው የሚያበቃው።»

«ማነው ቀድሞ የሚገባው?»

«የት ይገባል? ዙር እኮ ነው። የሚያሸንፈው ብዙ የሄደው ነው።»

«እንቅልፋቸውስ?»

«ለአንድ መኪና ሁለት ሹፌር አለ። አንዱ ሲደክመው ለአንዱ ይለቅለታል።»

ይህን ካለ በኋላ ከሜዳው ማዶ፣ ሰው በማይበዛበት ቦታ፣ «የሹፌር ለውጥ!» ብሎ ይጮህና ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪውን ያስይዘኛል። ለዚህ ነው ለማንን እናቴ ፊት አንሥተን የማናውቀው። እናቴ አለምነሽ ጤና ረዳት ነበረች፤ የተሰበረ የልጅ እጅ በየቀኑ ስታስር የምትውል ሴት። መሪ እንደምይዝ ብታውቅ ጋራዡን በላያችን ላይ ታፈርሰው ነበር። ጭቃ ሆኜ ስገባ፣ «የት ነበርሽ?» ትለኛለች። «አባባ ጋ» እላታለሁ። በዚህ ያልፋል።

በዚያ ዓመት ክረምት ላይ አባቴ ጋራዥ ማደር ጀመረ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ጅብ የመኪና ጎማ እንደሚበላ ነገረኝ፤ አመንኩት። እንዲያውም ኮራሁበት። ቤት ውስጥ እሱና እናቴ ሲነጋገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፣ ዕቃው ግን ይንኳኳል። አሁን እንደማውቀው ጋራዡ ሥራ አጥቶ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ወንድሙ የራሱን ጋራዥ ከፍቶ ና ይለዋል። እናቴ ደግሞ ከጂንካ በላይ ያለችው የገዘር ልጅ ናት፣ የአሪ ሰው፤ ገዘር ወዳለው ጤና ጣቢያ ተዛውራ ከወገኖቿ መሀል ልትገባ ነው። አልሄድም አለችው፣ አልቀርም አላት። ማንም ማንንም አልበደለም፤ የከበደውም ለዚህ ይመስለኛል። ጥፋተኛ ቢኖር ይቅርታ ተጠይቆ ያልቅ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ሁለት ናቸው። በአባቴ በኩል ባለሱቁ ጋሽ ሙሐመድኑር ናቸው፤ የጓደኛዬ የሐፍሳ አባት። በእናቴ በኩል አጎቷ ጋሽ ዶላሞ ከገዘር ወርደው መጡ። እኔ ውጪ ተጫወቺ ተባልኩና መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ ሸንኮራ እልጥ ጀመር።

መጀመሪያ የሰማሁት የጋሽ ሙሐመድኑርን ድምፅ ነው። «ጎጆ ማፍረስ ቀላል ነው፣ ልጆቼ» ይላሉ። «አንድ ቀን ይበቃዋል። መሥራቱ ነው የሚያስቸግረው።»

ደነገጥኩ። ዞሬ ጎጆአችንን፣ ማለት ዶሮ የምናሳድርባትን ማድቤት አየኋት። ከአንድ ወገን ዘመም ብላለች እንጂ ለመፍረስ የደረሰች አልነበረችም። ተነሥቼ ገፋ ገፋ አደረግኋት። ጠንካራ ነች። ዶሮዋ ተቆጥታ ወጣች። ተመልሼ ስቀመጥ ስለ ዕቃ እያወሩ ነበር፤ አልጋው ለእሷ፣ ሬዲዮው ለእሱ። ሁለቱም፣ «እሷ ትውሰድ»፣ «እሱ ይውሰድ» ይባባላሉ። እንደዚያ ሲግባቡ ሰምቼ አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ጋሽ ዶላሞ ተናገሩ።

«በሬ ትካፈላለህ» አሉ። «እንሰት ትካፈላለህ። ልጅ አይካፈልም። ልጅቱ ለማን ትሂድ?»

ጋሽ ዶላሞ አማርኛን ካደጉ በኋላ ገበያ ላይ ነው የለመዱት። «ማን ጋ ትሂድ» ማለታቸው ነበር። ጂንካ ውስጥ እንዲህ ያለ አማርኛ ማንንም አያስቅም፣ ማንንም አያስቸግርም፤ ግማሹ ከተማ በሌላ ቋንቋ አልሞ በአማርኛ ነው የሚነግደው። ለትልቅ ሰው ግልጽ ጥያቄ ነው። እኔ ግን የሰማሁት ውሳኔ ነው። አዲስ አበባ ትሂድ፣ አርባ ምንጭ ትሂድ እንደሚባለው፣ ልጅቱ ለማን ትሂድ።

ሸንኮራው ከእጄ ወደቀ። ጋሽ ዶላሞ ስለ ለማን እንዴት አወቁ ብዬ እንኳን አልጠየቅኩም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ያውቃሉ።

አባቴ፣ «እሱ ነው የከበደን» አለ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ የእናቴን ለቅሶ ሰማሁ። ልናፍቃት ስለሆነ ነው አልኩ፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

በማግስቱ ሚስጥሩን ለሐፍሳ ነገርኳት። ሐፍሳ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ በአባቷ ሱቅም ሚዛን ትይዛለች፤ በቀላሉ የምትሸወድ አይደለችም።

«ለማን የሚባል አገር የለም» አለች።

«አለ! መኪና ነው ያለው። ሌሊቱን ሙሉ አይተኙም።»

«ታዲያ ምን ይበላሉ?»

አላሰብኩበትም ነበር። «ዳቦ» አልኳት።

«ከማን ጋ ልትሄጂ?»

«ከአባባ ጋራ ነዋ። አንድ መኪና ሁለት ሹፌር አለው።»

ሐፍሳ ትንሽ አየችኝና ከሱቁ ከረሜላ አምጥታ ሰጠችኝ። ሳትቆጥብ ስትሰጥ የመጀመሪያዋ ነው። ቅናት ይዟት ነው አልኩ። ከዓመታት በኋላ ስንገናኝ እንደነገረችኝ፣ እሷ አባቷ ለእናቷ ሲያወሩ ሁሉንም ሰምታ ነበር፤ ልትነግረኝ ግን አፏ አልታዘዝ አላት።

በዚያ ሳምንት ጋራዥ እየሄድኩ አባቴን ስለ መንገዱ እጠይቀዋለሁ። «ለማን ይበርዳል?» እለዋለሁ። «ሌሊት ሌሊት» ይለኛል፣ ከመኪናው ሥር ሳይወጣ። ዓይኑ ቀልቶ ሲወጣ ናፍታ ገብቶበት ነው እላለሁ። በወረቀት የተጠቀለሉ የብሎን መፍቻ ቁልፎቹን ሳጥን ውስጥ ሲደረድር አይቼ ለለማን መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ለውድድር ቁልፍ ሳይዙ አይኬድም።

በሁለተኛው እሑድ ወደ ውስጥ ተጠራሁ። እናቴ ፀጉሬን ጎንጉና የገና ቀሚሴን አልብሳኝ ስለነበር ዕለቱን ልነሣ መስሎኝ ነበር። አራቱም ተቀምጠዋል። አባቴ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ጋሽ ሙሐመድኑር አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ስኳርና ላስቲክ ይሸታል።

«ትጊ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ማንም አይቆጣሽም፣ እሺ? አባትሽ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። እናትሽ ገዘር ልትገባ ነው። እኛ ተመካክረን አቃተን። አንቺ የት ትወጃለሽ?»

ግራ ገባኝ። ተወስኖ አልነበረም እንዴ? አዲስ አበባና ገዘር ከየት መጡ? ሽማግሌ ይረሳል ብዬ ወደ ጋሽ ዶላሞ ዞርኩ፤ ቃሉን የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

«ለማን» አልኩ።

ያልተሰማሁ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

«ለማን!»

ጋሽ ሙሐመድኑር እጄን ለቀቁና «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ። እናቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጋሽ ዶላሞ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ልጅቱ ጠየቀች» አሉ። «ለማን ነኝ አለች። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እኔ አልመልስም። የወለደ ይመልስ።»

አንዳች ነገር እንደተበላሸ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ጋሽ ዶላሞ መጀመሪያ ያዩት እናቴን ነው። እናቴ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣትም። አባቴን አየሁት። ከሁሉም ያልደነገጠው እሱ ብቻ ነበር። ከአፉ ዳር ፈገግታ የሚመስል ነገር መጥቶ ሲጠፋ አይቻለሁ። ይህን ሌላ ማንም አላየም።

«ለእናቷ» አለ። «ለእናቷ ትሁን። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተነሥተው ትከሻውን ሳሙት። ጨዋ ሰው፣ የልጁ ነገር አንገብግቦት ክርክሩን ተወ ተብሎ ጂንካ ለብዙ ጊዜ አወራው። እኔ ግን የተረዳሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ የፈቀዱልኝን ለማን አባቴ ከለከለኝ።

በጭነት መኪና ነው የሄደው። ሳጥኑን ከጭነቱ ላይ አስሮ፣ ሊሰናበተኝ መጣ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሊስመኝ ሲሞክር ራሴን ቀሚሴ ውስጥ ቀበርኩ። ከዚያ ወደ መንገዱ ሄደ። ሞተር ሲነሣ በጣቶቼ መሀል አጮልቄ አየሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረው። ኮፍያው ጭቃው ላይ ወደቀ። እኔ አልሮጥኩም። እሱ አንሥቶ በጉልበቱ ጠረገውና ጋቢናው ውስጥ ገባ።

ገዘር ገባን። እናቴ ተለወጠች፤ ቢያንስ እኔን ከልክ በላይ ማሳፈር ጀመረች። ትምህርት ቤት ስመዘገብ መምህሩ ገና ቀና ሳይል፣ «የኔ ናት፣ የኔ» ትላለች። ገበያ ላይ አንድ ሰው ቁመቴን አይቶ ካደነቀ «የኔ ናት» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ወላጅ ሲጠራ በሽተኛ አስቀምጣ ትመጣለች። ሁለተኛ ደረጃ ጂንካ ገብቼ ቤት ተከራይቼ ስማር በየቅዳሜው በሚኒባስ ወርዳ ምግብ ታመጣልኛለች፤ ዝናብ መንገዱን ሲቆርጠው በእግሯ። ዕዝራ የሚባል አስተማሪ ሽማግሌ ልኮባት ነበር። ደህና ሰው ነው፣ ሰው ሁሉ እሺ ትላለች ብሎ ነበር። አላገባም አለች። ጫማው ሲረግጥ ስለሚጮህ መስሎኝ ነበር፤ እኔንም የሚያናድደኝ እሱ ነበርና።

አባቴን የታረቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አዲስ አበባ ስሄድ ነው። ጎተራ አካባቢ ያለችው ጋራዡ ውስጥ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ምሳ በልተን ስንጨርስ፣ ለማን ለምን እንደከለከለኝ በቀልድ ጠየቅኩት። ቀልዱ ግማሹ እውነት ነበር። አልሳቀም።

«ገብቶኝ ነበር» አለኝ። «ገና አፍሽን ስትከፍቺ። ከዚያ ቤት ሰው የገባው እኔን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም? ከአንተ ጋ ልሂድ ማለቴ እኮ ነበር።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የጸዳ እጅ ነበር፣ ዝም ብሎ ጠረገው።

«እንደዚያ ብዬ ልወስድሽ እችል ነበር» አለ። «አንድ ቃል ነው፤ 'የኛ ጨዋታ ነው፣ እኔን መርጣለች' ማለት። አማረኝም፣ አልዋሽሽም። ግን አንቺ የመረጥሽው ወሬዬን ነው፣ ትጊ። ወሬ ደግሞ ልጅ አያሳድግም። ለኪራይ እንኳ አቅም ሳይኖረኝ፣ ወንድሜ ቤት መሬት ላይ ልተኛ እየሄድኩ ነበር። ሽማግሌው ጥያቄ ነው አሉ። ጥያቄ ከሆነ መልሱን አውቀው ነበር።»

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየሄድኩ ምሳ እንበላ ነበር። ስለ ለማን ግን ሁለታችንም ደግመን አላነሣንም።

አባቴ የሞተው አምና ነው። ቀብሬው፣ አርባውንም አውጥቼ ገዘር ስመለስ እናቴ ጡረታ ወጥታ፣ ጓሮዋ ውስጥ ዱባ ኮትኩታ ቁጭ ብላ አገኘኋት። አሁን መስማት ትንሽ ይቸግራታል፣ ቀረብ ማለት አለብኝ። ስለ ለቅሶው፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ደግ ሰው ነበር» አለች። «አንድ ነገር ብቻ አልረሳለትም። ያኔ ለማን ብለሽ ስትጠይቂን እሱ መለሰልሽ።»

«እማ፣ ያን አሁን ምን አመጣው?»

«አንቺ ረስተሽው ይሆናል። ልጅ ነበርሽ። እኔ ነኝ እናትሽ፤ 'ለኔ' ማለት ነበረብኝ። ሁለት ፊደል እኮ ነው። ልጄ ለማን ነኝ ብላ በሰው ፊት ጠይቃ እኔ ዝም አልኩ። እሱ ባይናገር ኖሮ ምን ይውጥሽ ነበር?» ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ አፈር ጉንጯ ላይ ቀረ። «ዕዝራ ሽማግሌ ሲልክ ያን ቃል ነው የሰማሁት። ሌላ ሰው ቤቴ ባስገባ ደግመሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ ሸክም መያዟን አላውቅም ነበር። ባስረዳት የሚቀላት መሰለኝና አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሙሴ አንድሬን፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ የነዳነውን፣ መሪ መያዜንም ጭምር፣ የጋሽ ዶላሞን አማርኛ። ለማን ፈረንሳይ አገር ያለ ከተማ እንደሆነ፣ እኔም በዚያች እሑድ ስለ እነሱ መለያየት ምንም የማውቀው ነገር እንዳልነበረ ነገርኳት። መኪና ላይ ነበር ሐሳቤ።

መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ፣ «ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ያስይዝሽ ነበር?» ብላ ተቆጣች፤ የሞተ ሰው ላይ። ከዚያ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፣ እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ሲበቃን መኮትኮቻዋን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው።

«እና አልጠየቅሽንም?» አለችኝ።

«አልጠየቅኳችሁም፣ እማ።»

ወደ ዱባዋ ዞረች።

«እኔ ግን» አለች፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ስመልስልሽ ነው የኖርኩት።»